ሥራ ያልለቀቀው ፊት

ዶክተር ሔርሜላ ተካልኝ ሥልጣኗን በገዛ ፈቃዷ በለቀቀች ማግሥት ቀፊራ ገበያ ሎሚ ልትገዛ ሄዳ አንዲት ማንጎ ሻጭ ተፋችባት። ምራቁ ፊቷ ላይ አላረፈም፤ ነጠላዋን ነው ያገኘው። ሴትየዋ አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። ተፍታ ስታበቃ አፏን በእጇ ጀርባ ጠርጋ ማንጎዋን መደርደር ቀጠለች።

ሔርሜላ ከድሬዳዋ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟት አያውቅም። ጥርሷን የነቀለችው በአፍሪካ ቀንድ ኅብረት ማዕከላዊ ባንክ ነው። አባቷ የባቡር መካኒክ ነበር፤ እሷም ያደገችው ከለገሃር ጀርባ፣ ጠዋት በፉጨት ማታ በፉጨት ነው። ባንኩ ገና ሲቋቋም በተቆጣጣሪነት ገባች። ስሟ የተነሣው በጎርፉ ዓመት ነው። ያን ጊዜ ደቻቱ ወንዝ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ የባንኩን የግንኙነት መሥመር ሁሉ ጠራርጎ ወሰደው። ሰው ሁሉ የሚከፍልበትም ወሬ የሚያይበትም መዳፉ ላይ የተተከለ ማሽን ነው፤ ያን ቀን የማንም መዳፍ አልከፍል አለ። ገንዘቡ ከጎርፉ ጋር ሄዷል የሚል ወሬ ተነዛና ሕዝቡ የባንኩን በር ሊሰብር ተሰበሰበ። አለቆቿ በጓሮ በር ሲወጡ እሷ በፊት በር ወጣች። ጭቃው መሀል ቆማ ባማርኛም፣ በኦሮምኛም፣ በሱማልኛም እያፈራረቀች ገንዘባቸው እንዳልጠፋ ነገረቻቸው። ቢጠፋ የሚይዙት እሷን እንደሆነ፣ ቤቷም የት እንደሆነ ነገረቻቸው። «እኔ እዚሁ ነኝ» አለች። ሰው ተበተነ። መሥመሩ ሲመለስ ገንዘቡ እንደተባለው ነበር። ከዚያ ወዲያ የባንኩ ገዥ ሆና ስትሾም የተቃወመ አልነበረም። ከጅቡቲ እስከ ሞያሌ ያለ ነጋዴ ስለ ዋጋም ሆነ ስለ ወለድ ሲጨነቅ «ሔርሜላ ምን አለች?» ብሎ ጠይቆ ነው የሚተኛው።

ከማንጎ ሻጯ አጠገብ የተቀመጠችው ሎሚ ሻጭ ናት ነገሩን ያስረዳቻት። ትናንት ማታ ያልሽውን ሰምተናል አለቻት። ሦስት ወር ቁጭ ያለ ገንዘብ ይረግፋል ብለሻል። ይቺ ሴት ልጇን ለመዳር አምስት ዓመት ያጠራቀመችው ገንዘብ አላት አለቻት።

ሔርሜላ ትናንት ማታ ምንም አላለችም። ራሷን አሟት በጊዜ ተኝታ ነበር። ሥራዋን የለቀቀችውም ስለዚሁ ስለ መርገፍ ነው። መዘውር የሚሉት የባንኩ ማሽን ገበያው ቀዝቅዟልና ሰው ገንዘቡን ቶሎ ቶሎ እንዲያወጣ የተቀመጠው ሁሉ እንደ ቅጠል ይርገፍ ብሎ ወሰነ፤ ምክር ቤቱም አጨበጨበ። እሷ ብቻዋን ተከራከረች። ድሃ የሚያስቀምጠው ስስታም ስለሆነ ሳይሆን የሚፈራው ነገር ስላለ ነው አለቻቸው። አልሰሟትም። እንግዲያው ይህን ቃል በኔ አፍ አታስተላልፉም ብላ መልቀቂያዋን አስገባች። አበባ ሰጥተው ሸኟት።

ሎሚ ሻጯ መዳፏን ዘርግታ የማታውን መግለጫ አሳየቻት። ሔርሜላ ራሷን አየች። የፊት ጥርሷ ክፍተት አለ። ቁጥር ከመጥራቷ በፊት ትንፋሽ የምትስበው ነገር አለ። መዳፉ ላይ ያለችው ሴት ስለ መርገፍ ተናግራ ስታበቃ ትንሽ ፈገግ ብላ ወደ ሕዝቡ ዘንበል አለችና «አትደንግጡ፤ እኔ እዚሁ ነኝ» አለች።

ሔርሜላ ሎሚውን ሳትይዝ ወጣች።

ከገበያው በቀጥታ ወደ ባንኩ ሄደች። የባንኩ በር ሰውን በመልኩ ነው የሚያስገባው። ፊቷን ስታቀርብ ክብርት ገዥ ቀደም ብለው ገብተዋል ብሎ ተዘጋ። ደግማ ብታቀርብም ያው ነው። ለዓመታት ሰላምታ የሰጣት ጥበቃ ዐይኑን መሬት ላይ ተክሎ ቆመ። በመጨረሻ ምክትሏ የነበረው ናሆም ይርጋለም ወርዶ በሩ ፊት ካለው የኒም ዛፍ ጥላ ሥር አነጋገራት። ናሆምን ከጀማሪነቱ ያሳደገችው እሷ ናት፤ ሲዳርም በእናቱ ፋንታ የቆመችለት እሷ ናት።

«ናሆም፣ ሥራ ለቅቄያለሁ» አለችው።

«እናውቃለን፣ ዶክተር። መልቀቂያዎን ምክር ቤቱ በአክብሮት ተቀብሏል።»

«ታዲያ ያቺ ሴትዮ ማን ናት?»

ናሆም ኮሌታውን አስተካከለ። «ገዥዋ ናቸው» አለ።

ከዚያ ቀስ እያለ፣ ለሕመምተኛ እንደሚነገር አስረዳት። ስትሾም ለሕመምና ለመንገድ ጊዜ ብላ መልኳንና ድምፅዋን ለባንኩ ፈቅዳለች። ፈቃዱ ማብቂያ የለውም። ምክር ቤቱ አዲስ ሰው ለመሾም አስቦ ነበር፤ መዘውር ግን አዲስ ሰው የሚያውጀውን መርገፍ ሕዝቡ እንደማይቀበል አስልቶ አሳያቸው። የሚቀበለው ከአንድ ሰው ብቻ ነው።

«ሕዝቡ የሚያምነው የእርስዎን አፍ ነው» አላት። «አመኔታው ደግሞ በባንኩ ደመወዝ፣ በባንኩ ወንበር ላይ የተገነባ ነው። የተቋሙ ሀብት ነው። ከሀብታችን ሁሉ ትልቁን ይዘው ይሂዱ እንዴት እንበል?»

«ስሞትስ?»

«እሱ ገና አጀንዳ አልሆነም» አለ ናሆም። ይህን ሲል አላፈረም፤ ሔርሜላን ያንገበገባት አለማፈሩ ነው። ቢያፍር ኖሮ ከእሱ ጋር ልትነጋገር ትችል ነበር።

በዚያው ሳምንት ስልኳ አልሠራ አላት። ልጇ ኤልዳና ሞምባሳ ናት፤ የሔርሜላ ባል ከሞተ ወዲህ በየማታው ሳይደዋወሉ አያድሩም። ሔርሜላ «ሃሎ የኔ ቆንጆ» ብላ ሁለት ቃል እንኳ ሳትጨምር መሥመሩ ተቋረጠ፤ ይህ ድምፅ የተመሰለ ድምፅ ነው የሚል ማስታወቂያም ተከተለ። በአገሩ የገዥዋ ድምፅ አንድ ነው፤ እሱም ባንኩ ውስጥ ነው። ሁለተኛው የሌባ ነው ማለት ነው። ብትደጋግም፣ ብታመለክት፣ ሌላ ስልክ ብትዋስ ያው ነው። በስተመጨረሻ አፍንጫዋን በሁለት ጣቷ ይዛ፣ ጎርነን ባለ የሽማግሌ ድምፅ ስታወራ አለፈላት። ኤልዳና መጀመሪያ ሳቀች። ምክንያቱን ስትሰማ አለቀሰች። ከዚያ በኋላ እናትና ልጅ የሚያወሩት እንዲያ ነው። ሔርሜላ ልጇን ናፍቄሻለሁ ስትል በማታውቀው ሽማግሌ አፍ ነው የምትለው።

ባንኩን ከሰሰች። ዳኛዋ በእሷ ዕድሜ ያሉ፣ ጨዋ ሴት ነበሩ። ወንበር አስመጡላት፣ ውሃ አስመጡላት። ክርክሩ ግን ጠዋት ተጀምሮ ከምሳ በፊት አለቀ። የገዥው ቃል ማለት ባንኩ ያረጋገጠው ቃል ነው ይላል ሕጉ። የማታው መግለጫ ተረጋግጧል። የእሷን ቃል ግን ያረጋገጠው የለም። ዳኛዋ ክሱን ዘግተው ሲያበቁ በዚያው ትእዛዝ ጨመሩበት፦ ከሳሽ ከእንግዲህ በገዥዋ ድምፅ ለሕዝብ መናገር አይችሉም።

ሔርሜላ ተነሣች። «ክብርት ዳኛ፣ በራሴ ጉሮሮ ማለትዎ ነው?»

ዳኛዋ «ሕጉ ጉሮሮ አይልም፣ ዶክተር» አሉ።

መርገፉ እንደታወጀው ሠራ። በመጀመሪያው ወር አንድ ቀን ነግቶ ሰው መዳፉን ሲያይ ካስቀመጠው ሩቡ የለም። መምህራን የጡረታቸውን፣ ሾፌሮች ለመኪና ያሰቡትን፣ ሴቶች ለሐጅና ለክርስትና ያስቀመጡትን ከመርገፍ ያድናል ብለው የማያስፈልጋቸውን ዕቃ ሸመቱበት። በየቤቱ ሁለተኛ ማቀዝቀዣ፣ ሦስተኛ ሶፋ ገባ። ባንኩ ገበያው ተነቃቃ ብሎ አወጀ። ያወጀችውም ያቺው በመዳፍ የምትታየው ሴት ናት፣ በዚያ ፈገግታ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የለገሃር እድር ዳኛ ጋሽ ኢብሳ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው ቤቷ መጡ። ጋሽ ኢብሳ የአባቷ የሥራ ጓደኛ ልጅ ናቸው፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ያውቋታል። ሊቆጡ አልመጡም፤ ሊለምኑ እንጂ። እድሩ በአያቶቻቸው ጊዜ የተቋቋመ መሆኑን፣ ክርስቲያኑንም እስላሙንም ሲቀብር መኖሩን አስታወሷት። የእድር ገንዘብ ሥራው ቁጭ ብሎ ሞትን መጠበቅ ነው፤ ሞት ደግሞ ቀጠሮ አይሰጥም አሉ። ሌላው ሰው ቢጎዳ ገዝቶ ይተርፋል፤ እኛ ምን እንግዛበት? ሬሳ አስቀድመን አንገዛ አሉ። እባክሽ ልጃችን ነሽ፣ ቃልሽን አንሽልን አሏት።

ሔርሜላ እንዳልተናገረች ነገረቻቸው። መልቀቋን፣ በሩ እንደተዘጋባት፣ ስልኳን፣ ፍርድ ቤቱን ሁሉ ነገረቻቸው። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«አፍሽን አይተናል፣ ሔርሜላ» አሉ ጋሽ ኢብሳ። «ጥፋት ነው፣ ሥልጣን ነው፣ ግድ ብለውኝ ነው ብትዪ ይገባን ነበር። አላልሁም ትያለሽ?»

ያቀረበችላቸውን ውሃ ሳይቀምሱ ተነሥተው ወጡ።

ያን ቀን ሔርሜላ አላለቀሰችም። ንዴት እንባዋን አደረቀው። ቤቷ ተቀምጣ ማንም የማያረጋግጠው ሰው ሆና መሞት እንዳለ ታያት። በማግሥቱ ጫማዋን አጥብቃ አስራ ወጣች። በማሽን የሚሄድ ቃሏ ሁሉ ተዘግቷል፤ የዳኛዋ ትእዛዝ ቢከለክላትም በእግሯ የምትሄድበትን መንገድ ግን የዘጋ የለም። ከቅዳሴ መልስ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ ከጁምዓ መልስ መስጊድ ደጃፍ ቆመች። ሳቢያን ሰፈር ሄደች፣ ገንደ ቆሬ ሰፈር ሄደች። ሔርሜላ ነኝ፣ ያንን አላልሁም ትላለች። ብዙው አንገቱን ነቅንቆ ያልፋል። አእምሮዋ ተነክቷል ያለ አለ። አንድ ጫት ሻጭ አተኩሮ አይቷት፣ በውነቱ ጥሩ አድርገሽ መስለሻታል ብሎ ሊሸልማት ፈለገ። ማንጎ ሻጯም አለች፤ ሔርሜላ ፊቷ ስትቆም ቀና ብላ አላየቻትም። ሔርሜላ ግን ደግማም ሄዳ ቆመች።

ክረምቱ ሊገባ ሲል የለገሃር ነዋሪ የሆነችው ወይዘሮ ሶስና አረፈች። ባቡር ላይ ትኬት ስትቆርጥ የኖረች፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚወዳት ሴት ናት። እድሩ ካዝናው ባዶ ሆኖ ተገኘ። ሣጥኑን አንድ አናጢ ከፈረሰ በር ጣውላ ሠራው፤ የቁልፉ ቀዳዳ እንኳ በደንብ አልተደፈነም ነበር። ለሰማንያ ዓመት ጎረቤቱን ሲቀብር የኖረ እድር እንዲያ ባለ ሣጥን ሸኛት። ድንኳኑንም ቤት ለቤት ለምነው በተውሶ ተከሉት።

ሔርሜላ ለቅሶ ደረሰች። ቦታ የለቀቀላት አልነበረም። ድንኳኑ ጫፍ ላይ፣ ንፍሮ ከሚያቀርቡት ሴቶች አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ሰው ጀርባውን ሰጣት። እሷም ጀርባቸውን እያየች ተቀመጠች፤ ከቀረበው ንፍሮ እፍኝ ያህል አነሣች።

ቀትር ላይ የሁሉም መዳፍ በራ። የገዥዋ መግለጫ ሲኖር ማንም ሳይከፍተው ራሱ ይከፈታል፤ ለቅሶ ቤትም ቢሆን። «ከባንኩ አዳራሽ በቀጥታ» የሚል ጽሑፍ ነበረው። ጋዜጠኞች ተሰልፈው እየጠየቁ ገዥዋ ትመልሳለች። አንዱ የዛሬውን ሙቀት አንሥቶ አሳቃት። ከዚያ ትንፋሽ ሳበችና ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ የሚረግፈው ከሩብ ወደ ግማሽ ከፍ እንደሚል ተናገረች።

መጀመሪያ ያየቻት ንፍሮ የያዘችው ሴት ናት። መዳፏ ላይ ያለችውን ሔርሜላ አየች፤ ቀና ብላ በርጩማው ላይ ያለችውን አየች። ያቺኛዋ ስለ ገበያ ትናገራለች። ይቺኛዋ አፏ በንፍሮ ተሞልቷል። ሴትየዋ አጠገቧ ያለችውን በክርኗ ጎሸመቻት። እሷም ዞረች። መጎሻሸሙ ከድንኳኑ ጫፍ ተነሥቶ ወደ መሀል እየሄደ፣ እየሄደ ሽማግሌዎቹ ዘንድ ደረሰ። ሁሉም አንዴ ወደ መዳፉ፣ አንዴ ወደ እሷ ነው።

ጋሽ ኢብሳ በከዘራቸው ተደግፈው ተነሡ። ድንኳኑን አቋርጠው መጥተው ፊቷ ቆሙ። እጇን ያዙት፤ ጨበጡት። ሳይለቁት ወደ ሰዉ ዞሩ፣ ከዚያ ወደ እሷ።

«ውሃሽን ሳልጠጣ ወጣሁ፤ ይቅር በዪኝ» አሉ። «ተናገሪ።»

ሔርሜላ ንፍሮዋን ዋጠች። ምን እንደምትል ታውቃለች፤ ወራት ስታስበው ኖራለች። አንድ የባንክ ገዥ በሕይወቱ ከማንም አፍ መስማት የማይፈልገው ቃል ነው። ከበርጩማው ተነሣች።

«ያንን ፊት እንድታምኑት የለፋሁት እኔ ነኝ» አለች። «ዕድሜዬን ነው የጨረስኩበት። ዛሬ አትመኑት እላችኋለሁ። እኔን የመሰለ ሰው በመዳፋችሁ መጥቶ አትደንግጡ ሲላችሁ ደንግጡ። ገንዘባችሁ እዚያ ከተቀመጠ ይረግፋል። አውጡት። ሦስተኛ ሶፋ አትግዙ፤ ማሽላ ግዙበት፣ አቡጀዲ ግዙበት፣ ጣውላ ግዙበት። እድር ሣጥኑን ሰው ሳይሞት ይግዛ። ዕቃችሁን እናንተው ጠብቁት።»

በሳምንቱ ቀፊራ ላይ ማሽላ ጠፋ። ለቅሶ ቤት የነበረው ሁሉ ለዘመዱ ነግሯል፤ የነገረውም በአፉ ነው። ሐረር ሰማ፣ ጅግጅጋ ሰማ፣ ባቡሩ ወሬውን ጅቡቲ አደረሰው። እድሮች መጋዘን ተከራዩ። እቁቦች በፍየል መጣል ጀመሩ። የባንኩ ገዥ በየማታው ብቅ እያለች ገንዘባችሁ አለ፣ እኔ እዚሁ ነኝ ትላለች፤ ሻይ ቤት የተቀመጠው ሰው ይስቃል።

ሔርሜላን አንድ ወጣት የፖሊስ ሻምበል መጥቶ ያዛት። እናቴ እያለ ነው የያዛት፤ መኪና ላይ ስትወጣ ክንዷን ደገፋት። ክሱ የክብርት ገዥ ሔርሜላ ተካልኝን መልክና ድምፅ መስሎ መቅረብ የሚል ነው። ጣቢያ ሲደርሱ ስሟን ጠየቃት። ነገረችው። ሻምበሉ ግራ ተጋብቶ እጁን አቆመ፤ ይህን ከመዘገብኩ ሁለተኛ ወንጀል ይሆንብዎታል አላት።

«እንግዲያው አንተ የምታውቀውን ስም ስጠኝ» አለችው። ቦታውን ባዶ ተወው።

በዕድሜ የገፋች ሴት ናትና ጣቢያው ግቢ ጥላ ሥር ወንበር ሰጧት። መግለጫውን ያየችው እዚያ ነው፤ በአንዲት ሴት ፖሊስ መዳፍ ላይ። ገዥዋ ድምፃችሁን ሰምቻለሁ አለች። እድሮችና እቁቦች፣ ለሠርግና ለሐዘን የተቀመጠም ሁሉ ከመርገፍ ነፃ ነው አለች። ይህን የወሰንኩት ራሴ ነኝ፣ የድሃ ልጅ ነኝና አለች። ሔርሜላ ለዚህ ቃል ነበር ምክር ቤቱ ፊት ለብቻዋ የተከራከረችው፣ የተተፋባት፣ የታሰረችው። ቃሉን አገኘችው። የተናገረችው ግን ሌባዋ ናት። ሴት ፖሊሷ ደስ ብሏት፣ እንኳን ደስ ያለሽ እናቴ፣ አሸነፍሽ አለቻት።

ሔርሜላ ፊቷን ወደ ግንቡ አዞረች። እስር ቤት ገብታ ያልተናደደችውን ያን ሰዓት ተናደደች። አባቴን እንኳ አልተዉልኝም አለች በልቧ፤ የባቡር መካኒክ ልጅነቴን እንኳ ወሰዱት።

ባንኩ ክሱን በጸጥታ አነሣ። ክሱ ፍርድ ቤት ቢቀርብ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ሊያስፈልግ ነው፤ ያን አልፈለጉም። ናሆም በሰው በኩል መልካም ምኞቱን ላከባት። ፊቷ እስከ ዛሬ ሥራ ላይ ነው፤ በየማታው ይናገራል፤ አያረጅም። ሰዉ የሚሰማው የዝናብ ወሬ እንደሚሰማ ነው። መርገፉ ለእድሮች ቢቆምም ገንዘቡን ወደ ባንኩ የመለሰ እድር የለም።

ከተፈታች በኋላ ባለው እሑድ የለገሃር እድር ጠቅላላ ጉባኤ ጠራ። አዳራሹ ሞልቶ ሰው በመስኮት ቆሟል። ጋሽ ኢብሳ አዲሱ መጋዘን፣ ማሽላው፣ ጣውላውና አቡጀዲው ኃላፊ እንደሚሻ ተናገሩ። ደመወዝ የለውም አሉ። ኃላፊው የሚናገረውን ሁሉ እዚህ መጥቶ፣ ሰው ፊት ቆሞ ይናገራል፤ በመዳፍ የሚመጣ ቃል አንቀበልም አሉ። ከዚያ የሔርሜላን ስም ጠሩ። እጅ ወጣ። የተቃወመ አልነበረም።

ሔርሜላ አልተነሣችም። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች፤ ሰዉ እምቢ ልትል ነው እንዴ ብሎ ማጉረምረም ጀመረ።

«አንድ ነገር ልጠይቅ» አለች። «ድንገት አንድ ቀን ደከመኝ፣ ወይ አላመንኩበትም፣ ልልቀቅ ብላችሁ ምን ታደርጋላችሁ?»

ጋሽ ኢብሳ ጥያቄው አልገባቸውም። ሁለቱን ሽማግሌዎች አዩ። ምን ይደረጋል፣ አሉ፤ መርቀን እናሰናብትሻለን፤ ሌላ ሰው እንመርጣለን።

«እቀበላለሁ» አለች ሔርሜላ፣ ተነሥታም ወደ ፊት ሄደች።